የከርሰ ምድር እንፋሎት ለሚፈልግ ሰው፦ ዓለቱን እንዴት ይመረምሩታል?

ፍልውሃ የሚወጣውን ሙቅ ውኃ ያየ ሰው ከአዲስ አበባ ሥር ትልቅ የኃይል ሀብት አለ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ውኃው መሐል ከተማ ድረስ ሊዘልቅ የቻለው ዓለቱ በተሰነጠቀበት መሥመር መውጫ ስላገኘ ነው። ስለዚህ የጥልቅ እንፋሎት ሀብትን የሚገምት ሰው ከዓለቱ ሙቀት አስቀድሞ ውኃ ማሳለፉን ይጠይቅ።

ልዩነቱን በእጅ ማየት ይቻላል። ብሎኬት ከሚመረትበት ቦታ አንድ ፑሚስ ወስደው ሳፋ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል፤ በቀዳዳ የተሞላ ቢሆንም ቀዳዳዎቹ ጠባብና እርስ በርስ በደንብ ያልተገናኙ በመሆናቸው አየሩ ቶሎ አይወጣም። በአንጻሩ ባዝልት የተባለው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት ቀዳዳ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከተሰነጠቀ ግን ውኃ በስንጥቁ ይሄዳል። ቀዳዳ መብዛትና ውኃ ማሳለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው ስንጥቁ ነው።

ከቁፋሮ የወጣውን ፍርካሽ በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ ሸክላ የበዛበትን ጥልቀት ይመዝግቡ። ሸክላ ከላይ ሲሆን ውኃውንና ሙቀቱን አምቆ የሚይዝ ክዳን ነው፤ ሙቅ ውኃው በሚጠራቀምበት ጥልቅ ዓለት ውስጥ ሲገኝ ግን መተላለፊያውን ይደፍናል። ወደ ታች ሲወርዱ ኤፒዶት የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ከታየ ዓለቱ ከ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ እንደነበር ይጠቁማል። «እንደነበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ማዕድኑ ዓለቱ ከቀዘቀዘ በኋላም ስለሚቆይ ጉድጓዱ ውስጥ ከተለካው ሙቀት ጋር ሳያስተያዩ አይመኑት። ስንጥቁን የሞላው ነጭ ማዕድን ላይ የተበረዘ አሲድ ጠብ ሲደረግ አረፋ ከደፈቀ ካልሳይት ነው፤ ቀድሞ ውኃ ያልፍበት የነበረው መንገድ ምናልባት ተዘግቷል።

ዓለቱ ሙቀትን የሚያስተላልፍበት አቅምም ይታይ። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን የበዛበት ዓለት ከሸክላ የተሻለ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ውኃ ይዞት የሚወጣው ሙቀት በዓለት ብቻ ቀስ ብሎ ከሚመጣው እጅግ ይበልጣል።

በስምጥ ሸለቆ፣ በአሉቶ የእሳተ ገሞራ ተራራ ያለው የአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ቦታ ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች መካከል ከተራራው ውጭ የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለምርት የሚበቃ ሙቀት አልሰጡም፤ በተራራው ላይ፣ ሙቅ ውኃ በስንጥቅ ወደ ላይ በሚነሣበት ቀጠና ከተቆፈሩት ውስጥ ግን ከ300 ዲግሪ በላይ የተለካባቸው አሉ። በስምጥ ሸለቆው የስንጥቆቹ ዋና አቅጣጫ ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ ሲሆን ወደ መሬት የሚወርዱትም ቀጥ ብለው ነው ማለት ይቻላል፤ ቀጥ ብሎ የወረደ ጉድጓድ በሁለት ስንጥቆች መካከል አልፎ አንዱንም ሳይነካ ሊቀር ስለሚችል፣ ካርታው ላይ ስንጥቆቹን ካሠመሩ በኋላ ጉድጓዱን አቅጣጫቸውን እንዲያቋርጥ አድርገው ያዘንብሉት።