አንድ ግዙፍ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ያለ አካፋይ ፍለጋ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ከ1 የሚበልጥ አንድ ቁጥር ብቸኛ የሚባለው ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሲታጣ ነው። ትንንሾቹን በ2፣ በ3፣ በ5 እያካፈልን እንለያቸዋለን። ቁጥሩ 39 አሃዝ ሲኖረው ግን እንዲህ እያካፈሉ መጨረስ አይታሰብም። ለሜርሴን ቁጥሮች፣ ማለትም 2 በራሱ ተደጋግሞ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ለሚገኙት፣ ቁርጡን የሚያሳውቅ ሌላ ስሌት አለ። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ 39 አሃዙ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው በዚህ ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በኋላ አሁን ያለውን ቀላል መልክ ሰጠው።

1. አርቢውን፣ ማለትም ስንት 2ዎች እንደተባዙ የሚነግረውን ከላይ የተጻፈ ትንሽ ቁጥር፣ ይመልከቱ። አርቢው ብቸኛ ካልሆነ ቁጥሩም አይሆንም፤ 2⁹ − 1 = 511 = 7 × 73። አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም፤ 2¹¹ − 1 = 2047 = 23 × 89 ነውና። ከዚህ በኋላ ያለው ከ2 ለሚበልጡ ብቸኛ አርቢዎች ነው።

2. ከ4 ይነሱ። በራሱ ያባዙት፣ 2 ይቀንሱ፣ ውጤቱን ለሚፈትሹት ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ። በቀሪው ላይ ያንኑ ይድገሙ።

3. ድግግሞሹ ከአርቢው በ2 ያንሳል። የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

2⁷ − 1 = 127ን እንፈትሽ። አርቢው 7 ስለሆነ 5 ጊዜ እንሠራለን፦ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ስለዚህ 127 ብቸኛ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ማካፈሉ ጨርሶ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። 67 × 67 − 2 = 4487። ይህ ማለት 35 ጊዜ 128 እና 7 ነው። 128 ለ127 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ 35 እና 7ን መደመር ይበቃል፤ 42 አገኘን። መጨረሻ ላይም 12319 ማለት 96 ጊዜ 128 እና 31 ነው፤ ድምሩ 127፣ ቀሪው 0። ኮምፒውተር በሁለትዮሽ፣ ማለትም ቁጥሮችን በ0 እና በ1 ብቻ እየጻፈ፣ ስለሚሠራ ይህ ለእሱ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ መደመር ብቻ ነው። በ2024 የተገኘው ባለ 41,024,320 አሃዙ 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 የተረጋገጠውም በዚሁ ፈተና ነው።

በ2047 ላይ ቢሞክሩት ዘጠነኛው ውጤት 1736 ነው። ብቸኛ እንዳልሆነ ታወቀ፤ 23 እና 89 ግን አልተገለጡም። ሉካስ 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ አለመሆኑን በ1876 ቢያሳይም አካፋዮቹን ፍራንክ ኮል ያቀረባቸው በ1903 ነው።

ራስዎን ለመፈተን 2¹³ − 1 = 8191ን ይሥሩ። ሦስተኛው 4870፣ ሰባተኛው 36፣ አሥረኛው 128 ሊሆን ይገባል። 128 × 128 − 2 ደግሞ 16382፣ የ8191 እጥፍ ነው።