የማስተርስ ማስታወሻ ባንዲራ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኦገስታ ከተማ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ የማስተርስ የጎልፍ ውድድር ይካሄዳል። ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው የውድድሩ ማስታወሻዎች አንዱ የአሜሪካ ካርታና በጆርጂያ ላይ የተተከለ የጎልፍ ባንዲራ የተጠለፈበት ጨርቅ ነው። ዋጋው የሚወሰነው በጨርቁ ሳይሆን በላዩ በሰፈረው ዓመትና ፊርማ በመሆኑ፣ የውድድሩን ታሪክ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው በቀላሉ ይታለላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በባንዲራው ላይ እንደሚጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዓመት ከታሪኩ ጋር ሳያስተያዩ ማመን ነው። ውድድሩን በ1934 የጀመሩት ቦቢ ጆንስና ክሊፎርድ ሮበርትስ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው አሸናፊ ሆርተን ስሚዝ ነበር። ይሁን እንጂ ጆንስ «ማስተርስ» የሚለው ስም ትዕቢት ያለበት መስሎ ስለተሰማው፣ ውድድሩ በይፋ የሚጠራው «የኦገስታ ናሽናል የግብዣ ውድድር» ተብሎ ነበር፤ «ማስተርስ» ይፋዊ ስም የሆነው በ1939 ነው። ስለዚህ «የ1934 ማስተርስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሲቀርብ፣ ከዓመታት በኋላ ለመታሰቢያ የተሠራ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። ከ1943 እስከ 1945 ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ውድድሩ ጨርሶ አልተካሄደም፤ በጦርነቱ ዘመን ሜዳው ከብትና ተርኪ ይረባበት ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ስም የተሠራ ባንዲራ የሚሸጥ ሰው፣ ያልተደረገ ሠርግ ፎቶግራፍ እንደሚሸጥ ሰው ይቆጠራል። በ2020 ውድድሩ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ኖቬምበር ተዛውሮ ያለ ተመልካች ተካሂዷል፤ በመሆኑም «የዚያን ዓመት ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ስመለከት ውዬ ከሜዳው የገዛሁት ነው» የሚል የሻጭ ታሪክ ዋጋ የለውም።

የማስታወሻውን ባንዲራ በሜዳው ላይ ኳሷ በምትገባበት ቀዳዳ ከተተከለው ባንዲራ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። በውድድሩ መጨረሻ የአሸናፊው ካዲ፣ ማለትም የመጫወቻ ዱላዎቹን የሚሸከምለት ረዳት፣ የ18ኛውንና የመጨረሻውን ቀዳዳ ባንዲራ ከዘንጉ ፈትቶ መውሰዱ የቆየ ልማድ ነው። በ2021 ሂደኪ ማትሱያማ ማስተርስን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሲሆን፣ ካዲው ዘንጉን ወደ ቀዳዳው መልሶ ባርኔጣውን በማውለቅ ወደ ሜዳው ጎንበስ ብሎ እጅ የነሣበት ምስል በዓለም ዙሪያ ታይቷል። እንዲህ ያለው የሜዳ ባንዲራ ለአንድ ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ በሱቅ የሚሸጠው ግን ብዙ ነው። «ከ18ኛው ቀዳዳ የመጣ» ለሚል ሻጭ ከማን እጅ እንዴት እንደደረሰው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ካልመለሰ የሱቅ ዋጋ መክፈል በቂ ነው።

ዝነኛ የሆነ ሁሉ አሸናፊ ይመስላል። አንድ ባንዲራ «በማስተርስ ሻምፒዮኖች የተፈረመ» ተብሎ ግሬግ ኖርማን፣ ኤርኒ ኤልስ ወይም ሊ ትሬቪኖ በመካከሉ ከተገኙ፣ ፊርማዎቹ እውነተኛ ቢሆኑ እንኳ አባባሉ ሐሰት ነው፤ ሦስቱም ይህን ውድድር አሸንፈው አያውቁም። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነው፤ ኖርማን በ1996 የመጨረሻውን ቀን በስድስት ምት ብልጫ ጀምሮ በኒክ ፋልዶ በአምስት ምት ተበልጦ ጨርሷል። በሰብሳቢዎች ዘንድ የሻምፒዮኖች ባንዲራ የሚባለው ያላሸነፈ ተጫዋች ያልፈረመበት ስለሆነ፣ አንድ የባዕድ ፊርማ የሌሎቹን ዋጋ ሊያወርድ ይችላል።

እኔ ግን በዚህ ልማድ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በ1968 አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ፣ 45ኛ ልደቱን በሚያከብርበት ዕለት፣ በ17ኛው ቀዳዳ በሦስት ምት ቢያገባም፣ አብሮት ይጫወት የነበረው ቶሚ አሮን የዴ ቪሴንሶ ምቶች በሚመዘገቡበት ካርድ ላይ አራት ብሎ መዘገበ። ዴ ቪሴንሶ ሳያስተውል ፈረመ፤ በደንቡም የተፈረመበት ከፍ ያለ ቁጥር ጸና፤ ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ወጥቶ በማግስቱ የመለያ ጨዋታ ሊገጥም ሲገባው በአንድ ምት ተሸነፈ። ካርዱን በስህተት የመዘገበው አሮን ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱ ሻምፒዮን ስለሆነ ፊርማው በሻምፒዮኖች ባንዲራ ላይ ይፈለጋል፤ በገዛ ፊርማው ምክንያት ዕድሉን ያጣው ሰው ፊርማ ግን ባንዲራ ያበላሻል ይባላል። እኔ ብሆን የዴ ቪሴንሶን በደስታ እሰቅለው ነበር።

የፈራሚውን የሞት ዘመን ከባንዲራው ዓመት ጋር አለማስተያየት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ማጣራቱ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቦቢ ጆንስ በ1971፣ ሳም ስኔድ በ2002፣ ሴቬ ባየስቴሮስ በ2011፣ አርኖልድ ፓልመር በ2016 ሞተዋል። የ2017 ዓመት በተጠለፈበት ባንዲራ ላይ የፓልመር ፊርማ ካለ፣ የሌላ ሰው እጅ ነው። ተቃራኒው ግን አያስጠረጥርም፤ ታይገር ዉድስ በ1997 በ12 ምት ብልጫ ያሸነፈበትን ውድድር ባንዲራ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊፈርም ይችላል።

ለማስረጃ የሚቀርብን ፎቶግራፍም በቀላሉ መቀበል አይገባም። ውድድሩ በሚካሄድበት በኦገስታ ናሽናል ክለብ በውድድሩ ሳምንት ተመልካች ስልክ ይዞ እንዲገባ በየትኛውም ቀን አይፈቀድለትም፤ ካሜራም የሚፈቀደው በልምምድ ቀናት ብቻ ነው። ፊርማ መጠየቅም በመጫወቻው ሜዳ ላይ የተከለከለ ሲሆን፣ የተፈቀደው በዋሽንግተን መንገድ በኩል ባለው የክለብ ቤቱ ወገን ነው። እሑድ ዕለት በመጨረሻው ዙር 18ኛው ቀዳዳ አጠገብ ሲፈርምለት በስልኩ እንዳነሣው የሚናገር ሻጭ፣ ደንቡን የማያውቅ ገዢ ፈልጎ ነው። ፊርማውን ራሱን በአጉሊ መነጽር መመልከትም ይረዳል፤ የእውነተኛ ማርከር ቀለም በክሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ በማሽን የታተመው ግን በደቃቅ ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ይታያል።

የመጨረሻው ስህተት ከግዢ በኋላ የሚፈጸም ነው። ባንዲራውን ማጠብ፣ መተኮስ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ መስቀል ፊርማውን ያደበዝዘዋል። ፍሬም ሲሠራለት መስታወቱ ጨርቁን እንዳይነካ በመካከላቸው ክፍተት ሊተው ይገባል፤ ፍሬም እስኪዘጋጅ ድረስ ደግሞ ፊርማው ያለበትን ቦታ ሳያጥፉ፣ በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርጎ ጠቅልሎ በንጹሕ ወረቀት መሸፈን ይሻላል።