ወደ ኤል ሚራዶር በእግር፦ ምክር ለደጋ ልጅ

ኤል ሚራዶር የጥንት ማያዎች ከተማ ነው። የሚገኘው በጓቲማላ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፔቴን በሚባለው ጫካ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ነው። መኪና አይገባበትም። ገንዘብ ለተረፈው ሄሊኮፕተር አለ። ለሌሎቻችን ግን ከካርሜሊታ መንደር ተነስቶ ሁለት ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን እዚያው ውሎ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ነው። መሄጃው ብቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ። ይህን ጉዞ ላበሻ ጓደኞቼ ሳወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዳገት አለው?» የለውም። ሜዳ ነው። እዚህ ላይ ነው ደገኛ የሚታለለው። ሰሜን ተራራን የወጣ ሳንባ እዚህ ብዙም አይጠቅምም። ሰውን የሚጥለው ወበቁ ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

ወቅቱን አትሳቱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሂዱ። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ዝቅ ያለው መሬት ሁሉ ረግረግ ይሆናል፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ደረቁም ወቅት ቢሆን የራሱ ጉድ አለው። በክረምት በቅሎዎች የረገጡት ጭቃ ሲደርቅ እንደ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፤ ጠርዙ ደግሞ ድንጋይ ነው። ቅጠል ይሸፍነዋል። እግር የሚወለመው እዚያ ነው። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቀድሞ የተለማመዳችሁት ጫማ አድርጉ። ከወገብ የማያልፍ ዱላም ያዙ።

ይህ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙ አይቀርም። አትጨነቁ። የጫካው ምግብ ጥቁር ቦሎቄ፣ ሩዝና የበቆሎ ቶርቲያ ስለሆነ ለጾመኛ ይመቻል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ቦሎቄውን ብዙ ጊዜ የሚያቁላሉት በአሳማ ሞራ ነው። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት፣ ስንቅ ሳይገዛ፣ «ሲን ማንቴካ» በሏቸው። ያለ ሞራ ማለት ነው፤ ዘይት ይገዛሉ። ጠዋት ላይ እንቁላል ስለሚያቀርቡ እሱንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ትንሽ ሚጥሚጣ በፌስታል ይዤ ነው የምሄደው። ወጥ አብሳይዋም ወደደችው። ቡናቸው ግን ቀጭን ነው። በቡናው በዓለም የታወቀ አገር ሆኖ ጫካ ውስጥ እንዲህ መሆኑ አልገባኝም።

መነሻችሁ ፍሎሬስ ናት፤ ፔቴን ኢትዛ ሐይቅ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ከተማ። ከጓቲማላ ሲቲ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በሌሊት አውቶብስም ይኬዳል፤ ሌሊቱን ይፈጃል። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትመጡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቪዛውን ነገር ከኤምባሲው አጣሩ።

ያለ አስጎብኚ አትግቡ። የካርሜሊታ ሰዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አላቸው፤ ጫካውን በኮንሴሽን፣ ማለትም ከመንግሥት በውል ተረክበው፣ ይጠብቃሉ፣ ተጓዥም ያስገባሉ። አስጎብኚ፣ ወጥ አብሳይና በቅሎ ነጂ ይሰጧችኋል። ድንኳኑን፣ ስንቁንና ውሃውን በቅሎዋ ትሸከማለች። ፍሎሬስ ውስጥ ያሉ ድርጅቶችም ይሸጡታል፤ ዋጋ ስትጠይቁ ግን ውሃው፣ ድንኳኑና እስከ ካርሜሊታ ያለው መኪና በዋጋው ውስጥ መሆኑን ለይታችሁ ጠይቁ። ለአሮጌ ወይም ለታመመ እግር የመቀመጫ በቅሎ ተጨማሪ ተከፍሎ ይገኛል። ማፈር አያስፈልግም። ኢንሹራንሳችሁም ከጫካ በሄሊኮፕተር ማውጣትን የሚሸፍን ይሁን፤ ሐኪም ያለበት ቦታ የእግር መንገድ ሩቅ ነው።

ጀርባችሁ ላይ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይቅር። ሦስት ሊትር ውሃ፣ ኦአርኤስ፣ የዝናብ ልብስ፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ወረንጦ፣ ስኮች። ለሌሊት ደግሞ ፈጽሞ የማይነካ አንድ ደረቅ ልብስና ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ በቅሎዋ ላይ ጫኑ። ጂንስ አትልበሱ፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ሱሪው ሰፊ፣ ስስ፣ ነጣ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መዥገር ነጭ ላይ ትታያለች። መንገድ ላይ ጠርሙስ የምትሞሉበት ወንዝ የለም። በሚጠማችሁ ሰዓት ሳይሆን በየሃያ ደቂቃው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎንጩ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ዘግይታችኋል።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ኤል ቲንታል ነው። እሱም የራሱ ፍርስራሽ አለው። ሰው ደክሞት ድንኳን ውስጥ ይጋደማል፤ እናንተ ግን ከመጨለሙ በፊት ፒራሚዱ ላይ ውጡ። ከላይ ሆናችሁ ሰሜን ስታዩ፣ ጠፍጣፋው ጫካ ላይ አንድ ጉብታ ብቻውን ቆሟል። ተራራ አይደለም። ሰው የሠራው የላ ዳንታ ፒራሚድ ነው፤ ነገ የምትሄዱበት።

ስትንሸራተቱ ያገኛችሁትን ዛፍ አትጨብጡ። ግንዱ ሙሉ እንደ መርፌ እሾህ የሆነ የዘንባባ ዓይነት አለ። ቼቼም የሚሉት ዛፍ ደግሞ ጥቁር ፈሳሽ አለው፤ ቆዳ ያቃጥላል። አስጎብኚው መጀመሪያ ቀን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ልጣጩ የቀላና የተገፈፈ ሌላ ዛፍም አለ፤ «የቱሪስት ዛፍ» ይሉታል፤ ፀሐይ ያቃጠለው ፈረንጅ ስለሚመስል። ለእኛ አይመለከትም ብዬ ሳቅኩ። ሳፖዲያ ዛፍ ላይ የምታዩት ዚግዛግ ጠባሳ ደግሞ የማስቲካ ሙጫ ለማውጣት የተሸነተረ ነው፤ ካርሜሊታ መንደር የተቆረቆረችው በዚያ ሥራ ነው።

እባብ አለ። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉ። ሌሊት ስትወጡ ባትሪ አብሩ። ግን ከእባብ ይልቅ በየቀኑ የምትታገሉት መዥገር ነው። ጤፍ የምታክል ናት፤ በመቶ ሆነው ነው የሚሰፍሩት። ከቤት ስትነሱ ልብሳችሁን ፐርሜትሪን የሚባለውን የነፍሳት መድኃኒት ንፉት፤ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ማታ ድንኳን ገብታችሁ ባትሪ አብሩና ፈትሹ፦ ከጉልበት ጀርባ፣ ቀበቶ የሚያርፍበት፣ ብብት። ትንንሾቹን ስኮች እየለጠፋችሁ አንሱ። ትልቋን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። እሳትና አልኮል አያስፈልግም። ጀርባችሁን ለማየት ሰው ያስፈልጋችኋልና ብቻችሁን አትሂዱ።

ከንጋት በፊት የሚያገሳ ነገር ከሰማችሁ ጦጣ ነው። ድምፁን ሰምቶ የደነገጠ ሰው፣ መጠኑን ሲያይ ይስቃል።

ኤል ሚራዶር ስትደርሱ ፎቶ ላይ እንዳያችሁት የተጠረገ ድንጋይ አትጠብቁ። አብዛኛው አሁንም አፈርና ዛፍ ለብሷል። ላ ዳንታ 72 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ስትወጡት ግን ኮረብታ የምትወጡ ነው የሚመስላችሁ። ደረጃ በደረጃ ሰፊ ሜዳዎች አሉት፤ ላይኛው ክፍል ብቻ ነው ሕንጻ መሆኑ የሚታየው። ከተማዋ የገነነችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት ነው። የአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ከመቆማቸው በፊት፣ በ150 ዓ.ም. ገደማ ባዶ ቀርታለች። ምክንያቱን ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። ሪቻርድ ሃንሰን የሚባለው አርኪዮሎጂስት የሚለው እኔን ይበልጥ አሳመነኝ፦ ሕንጻውን በወፍራም ኖራ ይለስኑ ነበር፤ ኖራ ለማቃጠል ደግሞ ጫካ ማውደም ነበረባቸው። ቁፋሮው አጠገብ የግድግዳውን ልስን አሳዩን በሏቸው፤ ውፍረቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ላ ዳንታ ላይ መሆን ደስ ይላል፣ ግን በጨለማ መመለስ አለ። እኔ ንጋቱን እመርጣለሁ።

በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የሌዘር ቅኝት በሰሜን ጓቲማላ ጫካ ሥር ከ60,000 በላይ ግንባታ አሳይቷል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያያችሁት ጉብታ ሁሉ ያጠራጥራል።

ዝርዝር ኬትዛል (የጓቲማላ ገንዘብ) ከፍሎሬስ ይዛችሁ ግቡ፤ ካርሜሊታ ባንክ የለም። ጉርሻውን ለአስጎብኚው ብቻ አትስጡ፤ ለወጥ አብሳይዋና ለበቅሎ ነጂው ለየብቻ በእጃቸው አስይዟቸው።

ቲካል የሚባለውን ሌላውን የማያ ከተማ ከዚህ በፊት ሳይሆን በኋላ እዩት። ዘመኑ የቅርብ ስለሆነ በቅደም ተከተል ይገባችኋል፤ ተጠርጎም የቆመ ስለሆነ ሚራዶር ላይ አፈር ሥር የነበረው ምን ይመስል እንደነበር ይገለጥላችኋል። ከፍሎሬስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማለዳ የሚወጣውን ያዙ፤ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱም ሰውም ይበዛል።