መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ፖስቱ ይደርሳል፦ ትምህርት ቤትን በስልክ ስለ ማሻሻል

አንድ ጊዜ የተሰበረ የመጸዳጃ ቤት በር ፎቶ አንስቼ ፖስት አደረግኩ። ከሥሩ «ልጆቻችን የሚማሩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው!» ብዬ ጻፍኩበት። ሼሩ ጎረፈ፣ የሚያለቅስ ኢሞጂ ተደረደረ፣ እኔም ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ስሄድ በሩ እንደተሰበረ ነው። ማን ይጠግነው፣ እስከ መቼ፣ ማንን እንጠይቅ የሚል አንድ መስመር አልጻፍኩማ። ሰው ተናደደና ወደ ሌላ ፖስት አለፈ።

ስለዚህ አስተማሪም ሁኑ ወላጅ ወይም የሰፈር አስተባባሪ፣ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ችግር ምረጡ። አንድ ብቻ። «ትምህርት ቤቱ ወድቋል» ብሶት ነው፣ ማንም አይመልስላችሁም። «የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ይጋራሉ» ካላችሁ ግን መልስ መስጠት ያለበት ሰው ይታወቃል።

ቀጥሎ ቆጠራ። ይሄኛው አሰልቺ ነው፣ ግን ሁሉ ነገር የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ ለየብቻ ይቁጠሩ፣ ሦስተኛው ይመዝግብ። ቁጥሩ ካልተገናኘ እንደገና ቁጠሩ። በየበሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፉና ወረቀቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ያኔ «ይሄ የኛ ትምህርት ቤት አይደለም» ወይም «ያው አንዱን በር አምስት ጊዜ አንስታችሁት ነው» የሚል ሰው አፉ ይዘጋል። ቀኑንም አትርሱ።

ፊሊፒንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ቼክ ማይ ስኩል የተባለው ፕሮጀክት የሠራው ይህንኑ ነው። ትምህርት ሚኒስቴሩ «አለ» ያለውን የመጽሐፍና የወንበር ብዛት ይዘው በጎ ፈቃደኞች ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው አመሳከሩና ያገኙትን ኢንተርኔት ላይ አወጡት። ቁጥር ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ደግሞ ስማርት ስልክ ከመምጣቱ በፊት የሆነውን የኡጋንዳን ታሪክ ይይ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ከሚመድበው ገንዘብ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶው ነበር። ከዚያ የሚላከው መጠን በጋዜጣ መውጣትና በየትምህርት ቤቱ መለጠፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ሌሎች ማሻሻያዎችም አግዘዋል፣ ግን ወላጁ «ስንት ተላከ?» ብሎ መጠየቅ የቻለው ቁጥሩን ስላየ ነው።

አሁን ፖስት እናድርግ? ቆይ! መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግቡ። ያገኛችሁትን አሳዩአቸውና አንድ ሳምንት ስጧቸው። ድንገት ፌስቡክ ላይ ያየ ርዕሰ መምህር ራሱን ለመከላከል ይነሳል፤ ቀድሞ የሰማ ግን ብዙ ጊዜ መሳቢያውን ከፍቶ «ይኸው፣ እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ» ይላችኋል። ያ ደብዳቤ ከመቶ ሼር ይበልጥባችኋል። እዚያው የሚያስተምር ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ባይወጣ ይሻላል። መረጃውን ያዘጋጅ፣ ፖስቱን ወላጆች በስማቸው ያውጡት።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ትምህርት ቤታችን 640 ተማሪና 8 የመጸዳጃ ክፍሎች አሉት። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሆነን አየናቸው። በር ያላቸው 3፣ ውሃ ያለው 1 ነው። ርዕሰ መምህሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፈዋል፣ መልስ አልመጣም። እስከ ወሩ መጨረሻ 5 በሮች እንዲገጠሙ እንጠይቃለን። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ጽሕፈት ቤቱ እንሄዳለን፤ መምጣት የሚችል ስሙን ከታች ይጻፍ።»

ስድብ የለበትም። ቪዲዮ ከሆነም ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፣ የተሰበረው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይታይ፣ ጽሑፍም ይኑርበት፤ ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ሕግ አለኝ፦ ፊት አይታይም፣ ስም አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 ስኮትላንድ ውስጥ አንዲት የ9 ዓመት ተማሪ የትምህርት ቤቷን ምሳ በየቀኑ ፎቶ እያነሳች ነጥብ ትሰጥ ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት ፎቶ እንዳታነሳ ከለከላት፣ ዓለም ጮኸ፣ ክልከላው ወዲያው ተነሳ። ሰውን ሁሉ ያነጋገረው ሳህኑ ነው፣ የማንም ልጅ ፊት አላስፈለገም። የካሜራችሁን የቦታ መመዝገቢያም አጥፉ፣ ምክንያቱም ፎቶ በፋይል መልክ ሲላክ የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን በቻናል፣ ውይይቱን በግሩፕ አድርጉት። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ ዋትሳፕ ደግሞ 1,024፤ እኔ ግን «እመጣለሁ» ብሎ የሚመጣ 30 ሰው ይበቃኛል። አድሚን ሁለት ይሁን፣ አንዱ ስልኩ ሲጠፋበት ግሩፑ ባለቤት እንዳያጣ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የአንድ ደቂቃ ቮይስ ላኩ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ፖስቱን አትሙና የትምህርት ቤቱ መግቢያ በር ላይ ለጥፉ። ይሄን የሚዘነጋ ብዙ ነው፣ ከዚያ «ወላጅ ግድ የለውም» ይባላል።

ከስልክ ወደ እግር መውጣት ግን ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የመምህራን የፌስቡክ ግሩፕ ከ20,000 ሰው በላይ ደርሶ ነበር፣ መምህራኑ ሥራ ሲያቆሙ በግዛቱ ያሉት የ55ቱም ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ትምህርት ቤቶች ለ9 የትምህርት ቀናት ተዘጉ፣ መጨረሻ ላይ 5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተገኘ። ግሩፑ መገናኛ ነበር፣ ሥራው የተሠራው በአካል በግዛቱ ምክር ቤት ደጃፍ ነው። እኔ በጣም የምወደው ደግሞ በትምህርት ቤት ምሳ ለሚኖሩ ልጆች መምህራኑ ምግብ ማዘጋጀታቸውን ነው። ወላጅ ከእነሱ ጋር የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሮቹ ሲገጠሙ ከዚያው ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱና የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አውጡት። ጽሕፈት ቤቱንም አመስግኑ፣ ነገ ስለ መጽሐፉ ትመለሳላችሁና። ከዚያ በሦስተኛው ወር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱና እንደገና ቁጠሩ፤ ማጠፊያው የላላ አንድ ሁለት በር አይጠፋም።