ሰማይ ሲያምር ፍሩ፦ የደብረ ብርሃን ጓሮዬ ከየካቲት እስከ ጥር

አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ቲማቲም ዘርታ አታውቅም ነበር፤ ከዕቃ እጣቢ ጋር የተደፋው ፍሬ ራሱ በቅሎ ያፈራላት ነበር። የሒሳብ መምህር ሆኜ ወደ ደብረ ብርሃን ስዛወር ከተከራየሁት ቤት ጀርባ 6 በ8 ሜትር የሆነ ባዶ መሬት አገኘሁና በመስከረም 40 የቲማቲም ችግኝ ተከልሁ። በጥቅምት አበባ ያዙ። አንድ ምሽት ደጅ ብወጣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከዋክብቱ የሚለቀሙ ይመስላሉ። ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት አርባውም ችግኝ የተቀቀለ ቆስጣ መስሎ መሬት ላይ ተዘርሯል። ጎረቤቴ የሆኑ እናት በአጥር በኩል አይተውኝ፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰማይ ሲያምር ነው የሚፈራው» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ ከሙቀቱ ገሚሱን ይመልስላታል፤ ከሌለ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስና ደረቅ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ደመና ብርቅ ነው። ቁመታችን ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲያሳይ ከቅጠሉ አጠገብ ግን ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ቴርሞሜትር ትቼ በሳህን ውሃ እለካለሁ። ማታ መደቡ መሐል አኖረዋለሁ፤ ጠዋት በረዶ ከሠራ ቀኑን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ውርጭ አንድ ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሌላ ዓመት ጥቅምት ሲያልቅ መጥቷል። እኔ ሁልጊዜ ጥቅምት 1 ይመጣል ብዬ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ።

ምሳሌ ልስጥ። ድንች ከተተከለ እስከሚወጣ 120 ቀን ይፈልጋል ብንል፣ ከጥቅምት 1 ወደ ኋላ 120 ቀን ሲቆጠር ሰኔ 6 ላይ ያደርሳል። (አምስቱን የጳጉሜን ቀናት የሚረሳ ተማሪ ሰኔ 1 ይለኛል።) ከዚያ የዘገየ ድንች ቅጠሉ በውርጭ ይመታና ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። የክረምት ድንች ሌላም ጠላት አለው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው ምች። ለዚህ እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች ይሻላሉ። እኔ ግን ልቤ ያለው በበልጉ ድንች ላይ ነው። በየካቲት መጨረሻ ተክዬ ውሃ ካጠጣሁት ውርጩም ምቹም ሳያገኘው በሰኔ አወጣዋለሁ። ዘሩን ከታኅሣሥ ጀምሬ ብርሃን በሚገባበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው መደርደሪያ ላይ በአንድ ረድፍ አሰልፋለሁ፤ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጨለማ ውስጥ የበቀለው ነጭና ረጅም ቡቃያ ሲተክሉት ይሰበራል። በድንቾቹ መካከል 30፣ በመስመሮቹ መካከል 75 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ሁለት ጊዜ አፈር ያስታቅፉት።

የበልግ ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፤ እመጣለሁ ብሎ ይቀራል። በርሜል የሌለው ሰው በየካቲት ብዙ አይትከል።

በመጋቢትና በሚያዝያ የጥቅል ጎመን፣ የባሮ ሽንኩርትና የሰላጣ ችግኝ አፈላለሁ። ሌሊቱ ገና ስለሚቀዘቅዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹን ቆርጬ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ እደፋበታለሁ። ክዳኑን ቀን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። ክዳኑ ሲረሳ ችግኙ በቀትር ፀሐይ ይቀቀላል፤ ይኸኛውንም ጥፋት ሠርቼዋለሁ። ከመንቀላቸው በፊት ለአሥር ቀን ያህል ጠርሙሱን አንስቼ ውሃ እቀንስባቸዋለሁ። በምቾት ያደገ ችግኝ ለደጋ አይሆንም።

ክረምቱ እዚህ የሚገድለው በብርድ ሳይሆን በውሃ ነው። ጥቁሩ አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ሥር ይታፈናል። መደቡን 1 ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አድርጌ ቦዩን ወደ ቁልቁለቱ አወጣለሁ። ነጭ ሽንኩርት በሰኔ መጨረሻ ትልልቁን ፍልቃቂ ብቻ መርጬ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት እተክላለሁ። ካሮትና ቀይ ሥር በቦታቸው ይዘራሉ እንጂ አይዛወሩም፤ የተዛወረ ካሮት ሁለት እግር ያወጣል። ባቄላም ለእሸት ያህል አይጠፋኝም።

ማዳበሪያ ላይ ችግር አለ። የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ የብርድ አገር ሰው አይፈረድበትም። እኔ የበግ በጠጥ በጆንያ እለምናለሁ። ከገብስ ገለባና ከወጥ ቤት ትርፍራፊ ጋር ከምሬ በጥቁር ላስቲክ እሸፍነዋለሁ። አዳማ ሦስት ወር የሚፈጀው እዚህ እስከ ስድስት ወር ይወስዳል።

አሁን ወደ ውርጩ ሌሊት ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጸጥ ካለና ደመና ከጠፋ ምልክቱ ነው። ያን ቀን በ6 ወይም በ7 ሰዓት አፈሩን በደንብ አጠጣለሁ፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ማታ ማጠጣት ግን ቅጠሉን ለበረዶ ማዘጋጀት ነው። ገለባ ማልበስም በሌላው ወቅት ጥሩ ነው፤ በዚህ ወቅት የመሬቱን ሙቀት ከታች አፍኖ ስለሚያስቀር ከለስላሳዎቹ ተክሎች ሥር አነሣዋለሁ። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በ11 ሰዓት ገደማ፣ ሸንበቆ አጉብጬ በላዩ ላይ ጨርቅ እዘረጋለሁ። ብርድ ልብስ በምታመርት ከተማ አሮጌ ብርድ ልብስ አይጠፋም። ጨርቁ እስከ መሬት ይድረስ፤ የሚያሞቀው ከመሬት የሚወጣው ሙቀት ነውና። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን አይንካ፤ የነካው ቦታ ሁሉ ይቃጠላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነሣል። ጎረቤቶቼ ጭስ ያጨሳሉ፤ እኔ ከማሳል በቀር ጥቅሙን አላየሁም።

ቦታም ይመረጥ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ከግቢዬ ታችኛው ጥግ ላይ ከካሮት በቀር አልተክልም። ለሰላጣና ለበሶብላ የድንጋዩን ግንብ ምዕራባዊ ጎን ሰጥቻለሁ። ግንቡ ከሰዓት በኋላ የሞቀውን ሌሊት ይለቃል፤ ጠዋት ደግሞ የመጀመሪያዋን ፀሐይ ይከልላል። በረዶ የያዘ ቅጠል ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ሊድን ይችላል፤ ፀሐይ ድንገት ስትመታው ይብስበታል። ሽፋኑን ረስተው ካደሩ ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይርጩበት፤ የጠቆረውንም ቅጠል ለሳምንት አይቁረጡ፤ ከሥሩ ያቆጠቁጥ እንደሆነ ይታያል።

ውርጭ መጥፎ ብቻ አይደለም። ካሮት፣ የአበሻ ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ብርድ ሲነካቸው ስኳር ይሰበስባሉ። በኅዳር የሚነቀል ካሮት ከአዳማው ይጣፍጣል፤ ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ያለ ሽፋን ያድራሉ። በሶብላ ግን አንድ ሌሊት አይችልም፤ ጥቅምት ሳይገባ አጭጄ አደርቀዋለሁ። ቲማቲሙንስ? ተውኩት። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣውን ከገበያ እገዛለሁ።

በጥር ሥራው ትንሽ ነው፤ ቦይ መጥረግ፣ ፍግ መበተን፣ የድንቹን ቡቃያ ማየት። ሳህኑን ግን የካቲት እስኪያልቅ ከደጅ አላስገባም።