ፀረ ተባይ የነካው ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል?

አጎቴ ሰርቦ አካባቢ ቲማቲም ያመርታሉ። አንድ ቀን ማልደው ሊረጩ ወጡ። የጀርባ መርጫው ያፈስ ነበር። ረፋድ ላይ ሸሚዛቸው ርሶ፣ ለሃጫቸው እየተዝረበረበ፣ ዓይናቸው እያነባ ተመለሱ። "ብርድ መታኝ ልጄ" አሉኝ። እኔ ጅማ ከተማ የምሠራ ነርስ ነኝ። ዓይናቸውን ሳይ ብሌኑ የስፒል ጫፍ አክሏል። ሱሪያቸውን ስሰበስብ የባታቸው ሥጋ ብቻውን ይርገበገባል። ብርድ እንዲህ አያደርግም።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ጡንቻው ሥራውን እንደጨረሰ አንድ ኢንዛይም ኬሚካሉን ይጠርገዋል። ማላታይን፣ ዳያዚኖን፣ ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ይህን ጠራጊ ያስሩታል። ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል። ጡንቻ መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ከዚያ ይዝላል። የመተንፈሻ ጡንቻ ከዛለ ሰው ይሞታል።

ስለዚህ ቶሎ በሉ። መጀመሪያ እናንተ ጓንት አድርጉ፤ ከጠፋ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። የተመረዘውን ሰው ልብስ፣ ቀበቶና ጫማ አውልቁ። በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ፀጉሩንና ጥፍሩ ሥር እንዳትረሱ። ወተት አትስጡ። ጣት ከታችሁም አታስመልሱት፣ ትውከቱ ሳንባ ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ በተገኘው መኪና ወይም ባጃጅ ሐኪም ቤት አድርሱት። የፀረ ተባዩን ጠርሙስ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ።

እዚያ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ይሰጠዋል። ለሃጩና ላቡ ይደርቃል፣ ትንፋሹ ይከፈታል። ቤተሰብ የሚዘናጋው ይሄኔ ነው። አትሮፒን የዛለ ጡንቻን አያበረታም። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ድካሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው አንገት ላይ ነው።

አጎቴ ሐኪም ቤት በተኙ በ2ኛው ቀን "ደህና ነኝ፣ ልሂድ" ብለው ጫማቸውን ጠየቁ። "እስቲ ጭንቅላትዎን ከትራሱ ያንሱ" አልኳቸው። ሞከሩ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ጭንቅላታቸው ግን ከትራሱ አልተላቀቀም። ወዲያው ሐኪም ጠራሁ። ማታውን የመተንፈሻ ማሽን አስፈለጋቸው። በእነዚያ ቀናት አንገቱን ማንሳት ያቃተውን ሰው ማንም ቢለምናችሁ ወደ ቤት አትውሰዱት።

አንዳንዱ ፀረ ተባይ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ እግር ያደነዝዛል፣ ያዝላል። እሱን በተረከዝ በማስኬድ ፈትኑ። አጎቴን በ3ኛው ሳምንት ግቢያቸው ውስጥ በተረከዛቸው እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ግድግዳውን ሳይዙ እስከ ቡናው ዛፍ ደርሰው ተመለሱ።