የግምት መነሻ ገጽ፦ ጎንደር ላይ የሕንፃ ዋጋ አወጣጥና የወጪ ቁጥጥር

ግምት አውጪው በልቡ ይዞት ወረቀት ላይ ያላሰፈረው ነገር ሁሉ ኋላ ሳይት ላይ ክርክር ሆኖ ይመጣል። ሲሚንቶው በየትኛው ሳምንት ዋጋ ተሰላ? አሸዋው እስከ ግቢው ድረስ ነው ወይስ አስፋልቱ ላይ ተራግፎ? ቁፋሮው ዋልካ ነው ወይስ ቋጥኝ? ስለዚህ ኤክሴሉ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሁለት ገጽ የግምት መነሻ ጻፉ። ኤኤሲኢ ኢንተርናሽናል የተባለው የወጪ መሐንዲሶች ማኅበር 34አር-05 የሚል መለያ ያለው መመሪያ ያወጣው ለዚሁ ገጽ ነው። ገጹ ላይ የሚሰፍረው ግምቱ የተሠራበት ዲዛይን ከነእትሙና ከነቀኑ፣ ዋጋው የተጠየቀበት ቦታና ቀን፣ ምን እንደተካተተና ምን እንደቀረ፣ የሥራ ሰዓቱና የሠራተኛ ውሎው፣ እንዲሁም በግምት ብቻ የተሞሉ ቦታዎች ናቸው።

ቀኑ በምንም ምክንያት አይዘለል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት የተሰበሰበ የፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የሊፍት ዋጋ ለአዲስ ጨረታ የማያገለግል ሆነ። ቀን የተጻፈበት ግምት የትኛው መስመር በስንት እንደሚከለስ ያሳያል። ቀን የሌለው ግን ከሥር እንደገና ይሠራል።

በሽፋኑ ላይ ደግሞ ግምቱ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ ይጻፍ። በዚያው ማኅበር 18አር-97 መመሪያ ደረጃዎቹ 5 ናቸው፤ 5ኛው ጭልጭልታ፣ 1ኛው የጠራው ነው። በ5ኛ ደረጃ የፕሮጀክቱ ዝርዝር የታወቀው ከ0 እስከ 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛው ወጪ ከግምቱ ከ20 እስከ 50 በመቶ ሊያንስ ወይም ከ30 እስከ 100 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በ3ኛ ደረጃ ዝርዝሩ ከ10 እስከ 40 በመቶ ደርሶ ልዩነቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ማነስና ከ10 እስከ 30 በመቶ መብለጥ ላይ ይጠባል። ቁጥሮቹ ለፋብሪካ ፕሮጀክቶች የወጡ ናቸው፤ ለሕንፃ 56አር-08 አለ፣ አካሄዱ ግን አንድ ነው። አንድ ባለሀብት «ካሬው ስንት ይሠራል?» ብሎ ጠይቆ የሚሰጠው መልስ 5ኛ ደረጃ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ያ ቁጥር ባንክ ገብቶ፣ ከዚያም ውል ላይ የዋጋ ጣሪያ ሆኖ ሲመለስ ነው።

ልኬት

ቴክ ኦፍ፣ ማለትም የሥራውን መጠን ከዲዛይኑ ላይ ለክቶ ማውጣት፣ ሲሠራ እያንዳንዱ መስመር የዲዛይኑን ገጽ ቁጥርና አክሲስ (የዲዛይኑን መለያ መስመር) ይያዝ። «ቢም፣ 14.6 ሜትር ኩብ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሌላ ሰው ያንኑ ቢም ዲዛይኑ ላይ ፈልጎ ማግኘት አለበት። በአገራችን አሠራር ኮንክሪት በሜትር ኩብ፣ ፎርምወርክ (የኮንክሪቱ ቅርጽ ማውጫ ሣጥን) በካሬ፣ ፌሮ በኪሎ ለየብቻ ስለሚለካ ይህ ኋላ ለቁጥጥሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ አትቀላቅሉት።

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው ከአፈር ሥራ ነው። ቁፋሮ የሚለካው መሬት ውስጥ እንዳለ ሲሆን የሚጫነው ግን ተፍታቶ ነው። ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሜዳ አቅጣጫ ዋልካ ያለበት 300 ካሬ ቦታ 1.5 ሜትር ተቆፍሮ ይነሣ እንበል። መሬት ውስጥ 450 ሜትር ኩብ ነው፤ በ30 በመቶ ሲያብጥ 585 ይሆናል። 15 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 39 ምልልስ ማለት ነው። 450ን በ15 ያካፈለ ሰው 30 ምልልስ ብሎ ይጽፋል፤ 9ኙ ከኪሱ ይወጣል። በቦታው የሚሞላው ገረጋንቲም እንዲሁ ነው፦ ተጠቅጥቆ 450 እንዲሞላ ልቅ ሆኖ ከ560 በላይ መግዛት ያስፈልጋል። ስህተቱ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይነክሳል።

የመኪናውንም ሣጥን በሜትር ለኩ። «ባለ 16» ተብሎ የመጣ ሲኖ ውስጡ 5.4 በ2.3 በ1.2 ከሆነ 14.9 ሜትር ኩብ ነው፤ ወደ 7 በመቶ ጎደለ። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ከደረቁ በላይ ቦታ ይይዛል፣ በክረምት የተገዛ አሸዋ ሲደርቅ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ፌሮ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የሥራ ዝርዝሩ (መጠንና ነጠላ ዋጋ የያዘው የውሉ ሰንጠረዥ) በኪሎ ይከፍላል፣ ሱቁ በቤርጋ፣ ማለትም በሙሉ ዘንግ፣ ይሸጣል። የአንድ ሜትር ክብደት የዲያሜትሩ ካሬ ለ162 ሲካፈል ነው፦ ባለ 8 0.395፣ ባለ 10 0.617፣ ባለ 12 0.888፣ ባለ 16 1.58 ኪሎ። ባለ 12 ቤርጋ በ12 ሜትር 10.66 ኪሎ መመዘን አለበት። ሚዛን ላይ አውጥታችሁ 9.8 ካገኛችሁ፣ በቤርጋ ገዝቶ በኪሎ ለሚከፈለው ሰው 8 በመቶ ጠፋ፤ ለመዋቅሩም መልካም ዜና አይደለም። ሁለት ፌሮ ሲቀጣጠል የሚደራረበው ርዝመት፣ ማለትም ከ40 እስከ 50 እጥፍ ዲያሜትር፣ ከነልኬቱ ይግባ እንጂ ብክነት ውስጥ አይደበቅ።

የነጠላ ዋጋ ትንተና

ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማቴሪያል፣ ጉልበት፣ መሣሪያ፣ ከዚያ ኦቨርሄድና ትርፍ። ሲ-25 ኮንክሪት በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ 3.6 ኩንታል፣ ከ5 በመቶ ብክነት ጋር 3.78። በ1፡2፡3 ቅልቅል (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) 0.5 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.75 ሜትር ኩብ ጠጠር ይገባል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ 0.6 ያዙ። የመለኪያ ሣጥኑ ውስጡ 50 በ35 በ20 ሳንቲ ሆኖ ከተሠራ 35 ሊትር ይይዛል፣ ይህም የአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት መጠን ነው። አናጢው ከፍታውን 25 ካደረገው አሸዋና ጠጠሩ በ25 በመቶ ይጨምራሉ፣ ኮንክሪቱም ይደክማል። ሣጥኑን ራሳችሁ ለኩ።

ውኃ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለአንድ ሜትር ኩብ ወደ 180 ሊትር፣ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን የሚጠጣው ደግሞ ለብቻ ነው። የጎንደር የውኃ እጥረት የታወቀ ስለሆነ የቦቴ ዋጋ በራሱ መስመር ይግባ።

ጉልበት ላይ ሰው የሚጨቃጨቀው በቀን ሒሳቡ ነው፣ ዋጋውን የሚወስነው ግን የሰዓት ምርቱ ነው። ለማሳያ ያህል፦ ፎርማን በሩብ ጊዜው፣ የሚክሰርና የቫይብሬተር ኦፕሬተር፣ 2 ግንበኛና የቀን ሠራተኞች ተደምረው በሰዓት 1,800 ብር ያስወጣሉ እንበል። በሰዓት 1.5 ሜትር ኩብ ካወጡ ጉልበቱ 1,200 ብር ነው፤ 1 ብቻ ካወጡ 1,800 ይሆናል። ማንም ደመወዝ አልጨመረም፤ ጠጠሩ ከሚክሰሩ ራቀ፣ ወይም ሲኖው አቀበቱን መውጣት አቅቶት ታች ስላራገፈው ባሬላና አህያ ተጨመረ። ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት፤ ቦታውን ሳያዩ በአዲስ አበባ የምርት መጠን መሙላት ከዚህ ላይ ይሰናከላል።

ድርብ አያያዝ ካለ በሜትር ኩብ ለይታችሁ ጻፉ። በፒያሳና በፋሲል ግቢ ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ቅርሱ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነውና የፈቃድ ጊዜውን መርሐ ግብሩ ላይ አስገቡ፤ ሲቆፈር የድሮ ግንብ ሊወጣ ስለሚችልም ቁፋሮው በእጅ የሚሆንበትን ክፍል ለዩ። የኖራ ግንብ ጥገና ከሆነ በሲሚንቶ ሥራ ዋጋ አትሙሉት፤ ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ምርቱ ሌላ ነው። ሁለት ካሬ ሙከራ አሠርቶ ሰዓቱን መያዝ ከየትኛውም የተቀዳ ዋጋ ይሻላል።

መጠባበቂያ

መጠባበቂያ የማናውቀው ነገር ሁሉ መጣያ አይደለም። በሥራው ወሰን ውስጥ ሆኖ መጠኑ ወይም ሁኔታው ገና ላልጠራ ነገር ነው። የዋጋ ንረት ሌላ መስመር፣ 15 በመቶ ቫት ሌላ መስመር፣ ባለቤቱ «አንድ ፎቅ ልጨምር» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ከዚህ ውጭ ነው። ሁሉን በጅምላ 10 በመቶ ብሎ መደረብ የተለመደ ነው፣ ግን ቋጥኝ ቢወጣ ስንት፣ የመሬቱ ምርመራ ስንት ጉድጓድ ብቻ ታየ ብሎ በየስጋቱ መደመር ይሻላል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ለየትኛው ስጋት እንደወጣ ይታወቃል።

መርሐ ግብሩ ላይ ጎንደርን አስገቡ

በወር 26 የሥራ ቀን የሚል የኮምፒውተር ካላንደር እዚህ አይሠራም። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ ከእሑድ ሌላ 12ን፣ 21ንና 29ን የማይሠራ ብዙ ነው፤ የትኞቹን በዓላት እንደሚያከብሩ ፎርማኑን ጠይቁና 21 ወይም 22 ቀን ያዙ። ከጥር 10 እስከ 12 በጥምቀት መንገድ ይዘጋል፤ ኮንክሪት አታቅዱ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ቁፋሮና የውጭ ልስን ይቀንሳል። የቀን ሠራተኛም የራሱ ወቅት አለው፦ መስከረምና ጥቅምት ላይ የሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይስበዋል፣ ኅዳር ላይ የራሱ ማሳ። ያን ጊዜ የቀን ሒሳብ ይወጣል፣ ሰውም ይጠፋል።

የመንግሥት ሥራ ከሆነ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ሳይት የተረከበ ሥራ ሁለት ወሩን በዝናብ ይበላዋል። የመርሐ ግብር ሶፍትዌሩ ፕራይማቬራ የሚሠራው በፈረንጅ ካላንደር፣ ውሉ በእኛ ስለሆነ ቀን ሲቀየር ተጠንቀቁ፤ ጳጉሜንን ለብቻ ሪፖርት አድርጎ እንደ ሙሉ ወር ያነጻጸረ ሰው ሥራው የተኛ ይመስለዋል።

ከግምት ወደ ቁጥጥር

ብዙ ግምት ውል ሲፈረም መሳቢያ ይገባል። መደረግ ያለበት የሥራ ዝርዝሩ ተራ ቁጥር እንደ ወጪ መለያ ሆኖ ሳይቱን ሁሉ መያዝ ነው። ሞዴል 22 (የስቶር ዕቃ ማውጫ ደረሰኝ) ላይ ሲሚንቶ ሲወጣ «ለሳይት» ተብሎ አይፈረም፤ «ለ2.03፣ አንደኛ ፎቅ ሶሌታ» ይባል። የሠራተኛ ታይምሺቱም እንዲሁ። ይህ ከሌለ የቀረው የወር መጨረሻ ጭቅጭቅ ነው።

በየወሩ ሦስት ቁጥር አውጡ። በ12,000,000 ብር በጀት የተያዘ ሕንፃ በታኅሣሥ መጨረሻ በዕቅድ 40 በመቶ፣ ማለትም 4,800,000 ብር መድረስ ነበረበት እንበል። ተለክቶ የተገኘው ሥራ 32 በመቶ ነው፤ በበጀት ዋጋ 3,840,000። የወጣው ወጪ 4,400,000 ነው። የተሠራውን ለወጪው ስታካፍሉ የወጪ ብቃቱ፣ ሲፒአይ የሚሉት፣ 0.87 ይሆናል፤ የተሠራውን ለዕቅዱ ስታካፍሉ ደግሞ የጊዜው 0.80። በዚሁ ከቀጠለ ማጠቃለያው 12,000,000 ለዚያ ብቃት ተካፍሎ 13,750,000 ብር ነው። በታኅሣሥ የታወቀ 1,750,000 መፍትሔ ይፈለግለታል፤ ሰኔ ላይ ከታወቀ የቀረው መካሰስ ነው።

ይህ ስሌት በሦስት ነገር ይዋሻል። ሳይት ላይ የተከመረ ፌሮ ወጪ ሆኖ ተይዞ ሥራ ሆኖ ካልተቆጠረ ብቃቱ ያለ ጥፋቱ ይወርዳል፤ ያልገባ ማቴሪያል ለብቻ ይያዝ። ቅድመ ክፍያ፣ በመንግሥት ውል እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው፣ ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ የሚቆረጥ ዕዳ እንጂ ገቢ አይደለም። ሦስተኛው የተጫራች ብልጠት ነው፦ ቁፋሮና ፋውንዴሽን ላይ ዋጋ ቆልሎ ፊኒሺንግ ላይ ያራገፈ ሰው በገንዘብ 40 በመቶ ሲደርስ ሥራው ገና 25 ሊሆን ይችላል። ባለቤት ከሆናችሁ ክብደቱን በራሳችሁ ግምት ዋጋ አስሉ።

የተጨማሪ ሥራ ትእዛዝ ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይሁን። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀይ የግንባታ ውል አንቀጽ 20.1 ተቋራጩ የተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ጥያቄውን ጉዳዩን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱ ይቋረጣል። ውላችሁ ሌላ ከሆነ የራሱን ቀን ፈልጋችሁ ሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በቃል «ሥራው፣ እንተሳሰባለን» ተብሎ የተሠራ አጥር በሰርተፊኬት ላይ ሲመጣ ያዘዘው ሰው ወይ ተዛውሯል፣ ወይ አያስታውስም።

ሥራው ሲዘጋ ከየገጹ እውነተኛውን ምርት መዝግቡ፦ አንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 ስንት ኩንታል በላ፣ ፎርምወርኩ ስንት ጊዜ ተገላበጠ፣ አቀበቱ ላይ የድርብ አያያዙ ስንት ወጣ። ሲሚንቶው ላይ ባዶ ከረጢት አስቆጥራችሁ ከሞዴል 22 ድምር ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ቁጥሩን ለሚቀጥለው ግምት ከመጠቀማችሁ በፊት ስቶር ኪፐሩን ጠይቁ።